እማዬን ከበረራዋ በፊት ቦሌ ረጅም ሆቴል ላሳድራት ነው፤ ምን ዓይነት ክፍል ልጠይቅ?

የልደታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከደሴ መጥታ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። የወንድሜ ሚስት ወልዳለች፣ እማዬ ናት የምታርሳት። ከአገር ወጥታ አታውቅም። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች፣ የዋሽንግተኑ በረራ ደግሞ በማግስቱ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው።

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ባለፈው ፋሲካ ስትመጣ ሦስተኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «እዚሁ ላርፍ ልጄ» ያለችኝን አልረሳውም። ወንድሜም ይህን ስለሚያውቅ «ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ረጃጅም ሆቴሎች ጥሩውን ያዢላት፣ ከላይ ሆና ከተማውን ትይ» ብሎ ገንዘብ ላከ። አብሬያት ነው የማድረው።

እንዲህ ዓይነት ሆቴል ለስብሰባ ገብቼ አውቃለሁ፣ አድሬበት ግን አላውቅም። ስንተኛ ፎቅ ይሻላል? በየት በኩል ያለ ክፍል? የአውሮፕላኑ ድምፅ ያስተኛል ወይ? ደግሞ ክፍሉ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይለቀቃል አሉኝ፣ ታዲያ እስከ ማታ የት ትቆያለች?

የምሽት ተረኛ

እንኳን ማርያም ማረቻት። ሪሴፕሽን ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁንም እዚያው ነኝ፣ የት እንደሆነ ይቅር።

መጀመሪያ ዋጋውን ጨርሺ። የሚነግሩሽ ዋጋ ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ የምትከፍዪው እሱን አይደለም። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 100 ዶላር የተባለው 126 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ስትደውዪ «ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?» በይ። የነዋሪ ዋጋ እንዳለም ጠይቂ፣ ብዙ ሆቴሎች አላቸው፣ ካልጠየቅሽ ግን ላይነግሩሽ ይችላሉ። መታወቂያችሁን ያዙ።

የ6 ሰዓቱ ነገር መፍትሔ አለው። ሌት ቼክ አውት ይባላል። ከቦሌ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሚሄደው አብዛኛው በረራ ማታ ስለሆነ በየቀኑ እንጠየቃለን። ብዙ ጊዜ እስከ 12 ሰዓት ለመቆየት የግማሽ ቀን ያስከፍላሉ። ዛሬውኑ ስትይዢ ተነጋገሪና በጽሑፍ አስቀምጪው። በማግስቱ 5 ተኩል ላይ መጥቶ የሚጠይቅ እንግዳ ክፍሉ ለሌላ ተይዞ ያገኘዋል፣ እኛም ምንም ማድረግ አንችልም።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ቦሌ ላይ እንግዳ የሚያስነሳው አውሮፕላን እንዳይመስልሽ። ጀነሬተርና ሙዚቃ ነው። ጣሪያው ላይ ባር ካለ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ሦስት ፎቆች አትውሰጂ። ጀነሬተሩ በየት በኩል እንደቆመ ጠይቂ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሳው እሱ ነው። ከሊፍቱ በር ጎንም አይሁን። ለእናትሽ መሃል ያሉት ፎቆች ይሻሏቸዋል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። አዳዲሶቹ ሆቴሎች ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ መስታወት ነው፣ ከአልጋው ሆኖ ውስጡ ይታያል። ከእናት ጋር ሲሆን ይከብዳል። መጋረጃ ያለው ወይም ግድግዳው ድፍን የሆነ ክፍል ስጡኝ በይ፣ ወንበር ወይም መያዣ ያለው ሻወርም ካለ። ሁለት አልጋ ማለትም እንዳትረሺ፣ «ለሁለት ሰው» ብቻ ካልሽ አንድ ትልቅ አልጋ ሊሰጡሽ ይችላሉ።

ቄራ

እኔ የምለውን አትቀየሙኝ። እናት ከአገር ስትወጣ የመጨረሻዋን ሌሊት ቤት ነው የምታድረው። ጎረቤት መጥቶ ይሰናበታል፣ ቡና ይፈላል፣ ይመረቃል። ሆቴል ውስጥ ማን ይመርቃታል? ለአንድ ሌሊት የሚወጣው ብር ለአራሷ ስንት ነገር ይገዛል። ደረጃውን ሁለት ወጣቶች ደግፈው ያወጧታል።

የልደታዋ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል። ቤቴ ብታድር ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ግን ተደግፋ ስትወጣ አይቻታለሁ፣ ያማታል፣ ሰው ሲሸከማትም ታፍራለች። በማግስቱ ደግሞ ከ15 ሰዓት በላይ ትቀመጣለች። ምርቃቱ ደሴ ላይ ተደርጓል፣ ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። አሁን የምፈልገው እግሯ አርፎ እንድትተኛ ነው።

ሳይት ላይ

ኮንስትራክሽን ላይ ነኝ። ስለ ድምፁና ስለ ከፍታው ልበልሽ፣ ሁለቱ ይያያዛሉ።

ወንድምሽ «ረጃጅም» ያላቸው ቦሌ ያሉት ሆቴሎች እንደ መሃል ከተማው አይረዝሙም። ምክንያቱ ኤርፖርቱ ራሱ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ትልልቅ አውሮፕላን በሚያርፍበት መንደርደሪያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ከኤርፖርቱ ወለል 45 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ የማይታይ ጣሪያ አለ በይው። ከዚያ በላይ የሚወጣ ሕንፃ ለበረራ እንቅፋት ተብሎ ይመረመራል። 45 ሜትር 12 ወይም 13 ፎቅ ገደማ ነው። የሚለካው ሕንፃው ከቆመበት መሬት ሳይሆን ከኤርፖርቱ ከፍታ ስለሆነ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተሠራው ትንሽ ፎቅ ይጨምራል። ማታ ማታ ሕንፃዎቹ አናት ላይ የምታዩት ቀይ መብራትም ለአብራሪዎች ነው።

ረጃጅሞቹን የምታገኛቸው ወደ መሃል ነው። የንግድ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፣ የአፍሪካ ኅብረቱ 99.9 ሜትር። ስካይላይት ሆቴል ደግሞ ተርሚናሉ ደጃፍ ላይ ነው፣ ያን ሁሉ 1,024 ክፍል የያዘው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ተንጣልሎ ነው።

ድምፁን በተመለከተ ሁለቱም መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፣ አንዱ 3,800 ሜትር ይረዝማል። ቦሌ መንገድ ያለው ከሰሜናቸው ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳውና የሚያርፈው በሆቴሎቹ ጎን እንጂ በአናታቸው አይደለም። ድምፅ አለ፣ በተለይ ማታ ተከታትለው ሲነሱ፣ ግን ሁለት ድርብ መስታወት ያለው መስኮት ይይዘዋል። «መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ከወሰድሽ ድምፁ ይቀንሳል፣ እንጦጦም ይታያቸዋል። ወደ ደቡብ የሚያየው መንደርደሪያውን ያሳያል፣ ሰማዩ ከጠራ ዝቋላም ይታያል።

በነገራችን ላይ ልደታ ነው የምትኖሪው አይደል? ከቦሌ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እናንተ ሰፈር ነበር። ጄት ሲመጣ ሜዳው አልበቃ አለና ቦሌ ተሠራ። ኦልድ ኤርፖርት የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። አሁን ደግሞ ቦሌም እየጠበበ ነው ተብሎ ቢሾፍቱ አጠገብ አዲስ ታቅዷል። ያኔ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከበረራ በፊት እዚያው ማደር የብዙ ሰው ጉዳይ ይሆናል።

ካዛንቺስ

ለምን ቦሌ ላይ ትጣበቂያለሽ? በረራው ማታ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አላችሁ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ኤርፖርቱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃል ከተማ ብትይዢ ወደ ካዛንቺስም ወደ ስታዲየምም ቅርብ ነሽ፣ ቤተ ዘመድም በቀላሉ ይመጣል። ሂልተን ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ግቢው ዛፍ ነው፣ ሸራተንም አለ፣ አደባባዩ ላይ ሃያት አለ። ከቦሌዎቹ ጋር ሲተያይ ግቢ አላቸው። ለአዛውንት ከመስታወት ይልቅ ግቢ ይሻላል ባይ ነኝ። ጠዋት በእግራቸው ወጣ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ቢጫ ታክሲ

ካዛንቺስ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን መንገዱን እኔ ልንገርህ። የየካቲት የኅብረቱ ጉባኤ ሰሞን ቦሌ መንገድ እየተዘጋ ይከፈታል፣ እንግዳ ባለፈ ቁጥር ቆመን ነው የምንጠብቀው። ሩጫ ሲኖርም መስቀል አደባባይ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ቀን ካልሆነ ግን ከመሃል ቢሆንም ችግር የለውም። እህቴ፣ ቀኑን አይተሽ ወስኚ።

ዋናው የምነግርሽ ሌላ ነው። ቲኬቱን አንብቢ። ባለፈው ዓመት አንድ ተሳፋሪ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል የተባለ በረራ ነበረው፣ ቲኬቱ ላይ 00:30 ረቡዕ ይላል። ሰውዬው ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ጭኖ መጣ። አውሮፕላኑ የሄደው ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያለቅስ ይዤው ተመለስኩ። ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚቀየር ሁልጊዜ አስቡ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ እናቴን ሁለት ጊዜ ወደዚህ ወደ አሜሪካ አምጥቻለሁ፣ ስለዚህ ከዚህኛው ጫፍ ልናገር።

ዊልቸር አስመዝግቢላት። አየር መንገዱ ይሰጣል፣ አይከፈልበትም፣ ግን ቀድሞ ቲኬቱ ላይ መግባት አለበት። ጉልበት ብቻ አይደለም ነገሩ። የሚገፋው ሠራተኛ ከወረፋ ወረፋ ይወስዳታል፣ ዳለስ፣ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት፣ ስትደርስም ቋንቋ ሳትችል ኢሚግሬሽን ድረስ አብሯት የሚሄድ ሰው ታገኛለች። የወንድምሽን ስልክና አድራሻ በወረቀት ጻፊና ፓስፖርቷ ውስጥ አድርጊ።

ሻንጣ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ለአራስ ስለሆነ ገንፎ ዱቄቱ፣ በርበሬው፣ አብሹ ሁሉ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሥጋ ነክ ነገር ግን አይግባ፣ ቋንጣ ያስወስዳል፣ ያስቀጣልም። ሆቴሉ ውስጥ ሻንጣ የሚይዙት ልጆች ጋ ብዙ ጊዜ ሚዛን አለ። እዚያ መዝኑት። ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ከፍቶ በርበሬ ማውጣት ለእናት ከባድ ነው።

የልደታዋ

ተባረኩ። ዊልቸሩን ዛሬ አስመዘገብኩ። ቀኑ ምንም ጉባኤ የለበትም። ቦሌውን ያዝኩ፣ 8ኛ ፎቅ፣ ወደ ሰሜን፣ ሁለት አልጋ፣ መጋረጃ ያለው። እስከ 12 ሰዓት መቆየቱንም በኢሜይል አጸናሁ። ነዋሪ ዋጋ ብዬ ስጠይቅ እውነትም ቀነሰ። ስትሄድ መጥቼ እነግራችኋለሁ።

የልደታዋ

ሄደች። በሰላም ገብታለች። ቃል ስለገባሁ ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ስንደርስ በሩ ላይ ሻንጣውም እኛም በማሽን አለፍን። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ለጥበቃዋ «እንደምን ዋልሽ» አለቻት። ሊፍቱ ካርድ ካልነካ አይነሳም። መብራቱም በር አጠገብ ካርዱ ካልተሰካ አይበራም። ይህን ቀድማችሁ አሳዩዋቸው፣ ምክንያቱም ካርዱን ይዤ ልብስ ላመጣ ስወርድ ጨለማ ውስጥ ትቻት ሄጄ ነበር። ስመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ «መብራት ጠፋ» አለችኝ። ሁለተኛ ካርድ ጠይቁ፣ ይሰጣሉ።

መስኮቱ አይከፈትም። ይህ ከበዳት። እሷ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ መስኮት ነው የምትከፍተው። ነፋስ የሌለው ቤት አይቼ አላውቅም አለች። ቬንትሌሽኑን አስተካከልንላት፣ ግን ዞር ዞር ብላ መስታወቱን ትገፋ ነበር። ሌላ ጊዜ ብይዝ በረንዳ ያለው ነው የምጠይቀው። ከፎቁም ከመልኩም ይልቅ እሱ ይሻላት ነበር።

የአውሮፕላኑ ድምፅ «ሳይት ላይ» የተባለው ልጅ እንዳለው ነው። ከ4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ድረስ ይሰማል፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። እሷ ተኝታ ነበር። እኔ ነኝ የሰማሁት።

ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ብድግ ብላ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ከመድኃኔ ዓለም የኪዳኑ ድምፅ በመስታወቱ በኩል ቀጠን ብሎ ይመጣል። ደሴ ያለች መሰላት መሰለኝ። ነጠላዋን አጣፍታ እስኪያልቅ ቆመች፣ ወንበር ባቀርብላትም እንቢ አለች። እኔ ስለ ሆቴል ድምፅ ስጨነቅ የከረምኩት ሁሉ ለማጥፋት ነበር፣ እሷ የፈለገችው ግን ያንን አንዱን እንድትሰማ ነበር።

ቁርሱ ላይ ቀኑ ዓርብ ነበርና ፈራሁ። ግን ከቡፌው አንዱ ወገን የጾም ነበር፣ ሽሮም ፍርፍርም አለ። አስተናጋጇ «እማማ፣ ይሄ ዘይት ነው፣ ቅቤ የለውም» ብላ ራሷ አነሳችላት።

ቅሬታ የምለው አንድ አለ። ከዋዜማው ሪሴፕሽን ደውዬ ነገ 1 ሰዓት ላይ ወደ ኤርፖርት የሚወስደን መኪና ይዘጋጅልን አልኩ። እሺ አሉኝ። በማግስቱ እስከ 12 ክፍላችን ቆይተን ሎቢ ወረድን፣ 1 ሰዓት ሆነ፣ መኪና የለም። ሲያዩት መዝገቡ ላይ 01:00 ተብሎ ተይዟል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሹፌሩ መጥቶ ጠብቆ ሄዷል። እኛ ያኔ ተኝተናል። ሌላው መኪና ሌላ እንግዳ ይዞ ወጥቷል፣ 40 ደቂቃ ጠብቁ አሉን። እማዬ ምንም አላለችም፣ ግን የቦርሳዋን ማንገቻ ደጋግማ ትይዛለች። እሷ ስትፈራ እንደዚያ ናት። ራይድ ጠራሁ፣ በ6 ደቂቃ መጣ፣ 1 ተኩል ሳይሞላ ተርሚናል 2 ነበርን። ቅርብ መያዛችን የጠቀመን እዚህ ላይ ነው።

የምሽት ተረኛ

ይቅርታ እህቴ። የኔ ሆቴል ባይሆንም ያሳፍራል፣ እኛም ጋ ደርሷል። ሲስተሙ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፣ ስልክ የሚያነሳው ልጅ ደግሞ እንዳለሽው ይጽፈዋል። እንግዳ ሲነግረኝ «ማታ 1 ሰዓት፣ 19:00» ብዬ መልሼ አነብለታለሁ። ያላነበበ ካለ እናንተ አስነብቡት። ማታ ወይም ጠዋት የሚለውን ቃል ሳትጨምሩ ሰዓት አትስጡ።

ቄራ

በሰላም በመግባቷ ደስ ብሎኛል። ስለ ኪዳኑ ያልሽው ልቤን ነካኝ። ቡናውስ? ሳትጠጣ ሄደች?

የልደታዋ

ይኸው እሱን ልጽፍ ነበር። ጀበናዋን ከደሴ ይዛ መጥታለች፣ ለዋሽንግተን። ክፍል ውስጥ ላፍላ አለች፣ ትንሽ እጣንም ይዛለች። ጣሪያው ላይ የጭስ ማንቂያ አለ፣ ከጮኸ ፎቁ ሁሉ ይወጣል አልኳት። አዘነች። ሎቢ ስንወርድ ግን ጥግ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦት ተዘርግቷል፣ ልጅቷ ጀበናዋን ጥዳ ትቆላለች። እማዬ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። እስከ 12 የከፈልኩበትን ክፍል ትታ ከሰዓቱን እዚያ ነው ያሳለፈችው። ልጅቷ የወረኢሉ ልጅ ሆና ተገኘች፣ ወረኢሉና ደሴ ቅርብ አይደሉ። ስትነሳ እጇን ይዛ መረቀቻት፣ እኔንም አብራ።

ፋሲል ሰፈር

ክሩን ሙሉውን አነበብኩት። አባቴ ከጎንደር በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፣ ወደ ቶሮንቶ ናቸው፣ በረራቸው ማታ ነው። ሆቴሉን በውስጥ መስመር ላኪልኝ እባክሽ። ቡናው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚፈላው?

የልደታዋ

ላክሁልህ። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ለእንግዳ አቦሉን ብቻ ቀድተው ያነሱታል፣ ስለዚህ ገና ስትቀመጡ ቶናውንና በረካውንም እንፈልጋለን በላት። በረንዳ ያለው ክፍልም ጠይቅ።